ጀርባ ብቻ ያዩት ልብስ ሰፊ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የኦርኬስትራውን ወንዶች ልብስ የሰፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰው ሁሉ “ጋሽ መርፌ” ይላቸዋል፤ እሳቸውም ሌላ ስም ያላቸው እስከማይመስላቸው ድረስ ለምደውታል። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የኮት ገበር ሊገዙ ወደ ክርና ቁልፍ መሸጫው ጎራ ሲሉ፣ አንዲት ወጣት ባንኮኒው ላይ ጥቁር ቁልፎች ዘርግታ ስታገላብጥ አገኟት።

“ጋሼ፣ ጠፋሁብዎት? የፒያኖ ቃኚው ልጅ ነኝ።”

“አንቺ ነሽ እንዴ? እንዲህ አድገሽ በምን ልለይሽ። አባትሽ እንዴት ነው?”

“ጉልበቱ ደከመ እንጂ ጆሮው ደህና ነው።”

“ለእሱ ጆሮው ካለ ሌላው ትርፍ ነው” አሉና ተሳሳቁ።

“እንኳንም አገኘሁዎት። ቅዳሜ ኦርኬስትራውን የምመራው እኔ ነኝ። ለሙከራ ነው፤ ከተሳካልኝ ቦታው የእኔ ይሆናል፣ ካልሆነ ወደ ቫዮሊን ወንበሬ እመለሳለሁ። የገዛሁት ኮት ግን እጄን ባነሳሁ ቁጥር አብሮኝ እየተነሳ አንገቴን ይውጠዋል። ኤሊ ነው የምመስለው። እርስዎ ይስፉልኝ።”

የጋሽ መርፌ ሳቅ ከፊታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያላዩትን ነገር እንደሌለ የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ እንጂ። ይህ ደግሞ ብዙዎቻችን ዘንድ አለ።

“ልጄ፣ ቀሚስ በይኝና መንገደኛ ሁሉ ዞሮ የሚያየው ቀሚስ ልስፋልሽ። የመሪ ኮት ግን ለሴት ቆርጬ አላውቅም። ሰባ ሰው እኮ ነው። ከበሮ የሚመታውን ሰውዬ አይተሽዋል? ክንዱ የአንቺን ወገብ ያክላል። ያን ሁሉ ሕዝብ ለማሽከርከር ትከሻ ያስፈልጋል።”

“ለመሆኑ እርስዎ መሪ ሲመራ አይተዋል?”

“የሰፋሁት ኮት መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።”

“ታዲያ ምኑን አዩ?”

ያዩትን ለማስታወስ ሞከሩ። ስፌቱ ተጨማደደ? ብብቱ ያዘው? እጅጌው አጠረ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይናቸው ከሁለት ትከሻ መካከል ወጥቶ አያውቅም። ዋሽተው መሸሽ ደግሞ አልለመዱም።

“ጀርባውን” አሉ።

“እንግዲያው ነገ ጠዋት ልምምድ ላይ ይምጡልኝ። ፊት ለፊቴ አስቀምጥዎታለሁ። አይተው እምቢ ካሉኝ፣ ኤሊም ሆኜ ቢሆን እመራለሁ።”

በማግስቱ ከከበሮ መቺው አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። አዳራሹ ይበርዳል፤ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ቦርሳና ሻርፕ ተከምሯል። ልጅቷ ሹራቧን እንደለበሰች ቀጭኗን የመሪ ዘንግ አነሳች፣ ጥቂት እንደተጫወቱ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

“ጋሼ” አለች ወደ ከበሮ መቺው፣ “ድምፅዎ እንዳለ ግርማ ነው። ግን እዚህ ጋ ዋሽንቷ የምትለው ነገር አላት። እሷን እየሰሙ ይምቱልኝ።”

“የድሮው መሪ እኮ እዚህ ጋ ጠበቅ አድርግ ነበር የሚለኝ።”

“አውቃለሁ። እኔም ቫዮሊን ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰባት ዓመት ሰምቼዎታለሁ። አንዴ ብቻ እንሞክረው።”

ሞከሩት። ከበሮው ዝቅ ሲል ከመሀል አንዲት ቀጭን ዜማ ብቅ አለች፤ ቼሎዎቹም ሰምተዋት ነው መሰል ለሰስ አሉ። ከበሮ መቺው ወደ ጋሽ መርፌ ዘንበል ብሎ “ለካ እዚህ ጋ ዋሽንት ነበር” አላቸው በሹክሹክታ።

ጋሽ መርፌ ግን የልጅቷን ፊት ነበር የሚያዩት። ለአንዱ በዓይኗ “አሁን” ትለዋለች፣ ሌላውን በቅንድቧ ታረጋጋዋለች፣ የፈራውን ፈገግ ብላ ትጠራዋለች።

በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች።

“እሺ፣ ችሎታሽን አየሁ” አሉ። “ነገ ትዳር፣ ልጅ ሲመጣስ? ሥራሽን ትተሽ ልትሄጂ?”

“የድሮው መሪ አምስት ልጆች ነበሩት። ይህን የጠየቀው ሰው ነበር?”

“አልነበረም። የአምስቱንም ሱሪ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።” የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። “ትከሻ ነው ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰውን የሚያስተባብረው ጆሮ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአባትሽ ወርሰሻል። በይ ቁሚ፣ ልለካሽ።”

ማታውኑ የድሮውን መሪ ኮት የቆረጡበትን የወረቀት ልክ አውጥተው ለእሷ ለማጥበብ ሞከሩ። ከትከሻ ሲቀንሱ ደረቱ ያዘ፣ ደረቱን ሲለቁ ወገቡ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ አሮጌውን አጥፈው አስቀመጡና ነጭ ወረቀት ዘርግተው ከዜሮ ጀመሩ።

ቅዳሜ ልጅቷ አዲሱን ኮት ለብሳ መራች። ሰኞ ጠዋት ከበሮ መቺው ቁልፍ ሊያስተክል ሱቃቸው ገባ።

“ቦታውን ሰጧት” አላቸው ገና ሳይቀመጥ። “እኛው ነን የጠየቅንላት። እርስ በርስ ስንሰማማ ድካሙ ራሱ ይቀንሳል ለካ። ልምምዱን ለማየት የሚመጡ ሴት ልጆችም አሉ፤ የቀድሞዎቹ ዋሽንትና ቫዮሊን ነበር የሚያዩት፣ እነዚህ ዘንጓን ነው የሚያዩት።”

ጋሽ መርፌ አዲሱን የወረቀት ልክ ከጠረጴዛው አንሥተው ጥግ ላይ “የመሪ” ብለው ጻፉበት።

“የሴት የሚለውን ረሱት” አለ ከበሮ መቺው።

“አልረሳሁትም” አሉና ከሌሎቹ መሪዎች ልክ ጎን ሰቀሉት። “አንተ ቁልፍህን አምጣ።”