የዜኖቢያ የጥድ አጥር

ሽማግሌው ቴዎፊል የሚስታቸውን መድኃኒት ገዝተው ከሉብሊን ከተማ ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ዩስቲናን አገኟት። የደን ትምህርቷን በዚያው ዓመት የጨረሰች ወጣት ናት፤ ሥሮቻቸው በጆንያ የተጠቀለሉ ችግኞች አጠገቧ ደርድራ ጋሪ ትጠብቃለች።

«ይሄ ሁሉ የመቃብር ዛፍ ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አሏት።

«ማንም አልሞተም፣ አጎቴ። ክረምት ከበጋ ቅጠላቸው የማይረግፍ ጥዶች ናቸው፤ በመንገዱ በኩል አጥር ላደርጋቸው ነው። መንገዱ ከሰፋ ወዲህ አላፊ አግዳሚው የምንበላውን እያየ ነው የሚያልፈው።»

«ቢያይስ? ሰርቃችሁ ነው የምትበሉት? የአባቴ አጥር እስከ ጉልበት ነበር፤ የእኔም እንደዚያው ነው። እናንተ የተማራችሁት መጀመሪያ ዛፍ ትተክላላችሁ፣ ቀጥሎ ሰላምታ ትተዋላችሁ።»

«አይቆጡኝና፣ አክስቴ ዜኖቢያ ወደ ግቢ ከወጡ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

ሽማግሌው የያዙትን መድኃኒት ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ሚስታቸውን ዜኖቢያን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መቷቸው የፊታቸው አንድ ጎን ተጣሞ ቀርቷል። ሐኪሙ በየቀኑ በምርኩዝ እየተራመዱ ፀሐይ እንዲሞቁ ቢያዝም፣ ከመጋረጃው ኋላ አልወጣ ብለዋል።

«እግሯ ደክሞ ነው።»

«እግራቸው ነው ወይስ የሰው ዓይን? ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ትናንት ተወልደሽ ሚስቴን ልታሳውቂኝ ነው?» ብለው እየተቆጡ ሄዱ።

ሰው አብሮት የኖረውን ልማድ ሲነኩበት ራሱ የተደፈረ ይመስለዋል። ቴዎፊል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሚስታቸውን ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ዓመት ሙሉ አልታከቱም። ያልጠየቁት ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ያን ቀን የቀይ ሥር ሾርባ ሲያጠጧቸው ጠየቁ።

ዜኖቢያ ማንኪያውን በደህናው እጃቸው ገፋ አደረጉት። «በፋሲካ ሰሞን ወጥቼ የለ? አንዷ መንገድ ላይ ቆማ አማተበችብኝ፤ አስከሬን ያየች ነው የመሰላት። በቁሜ አይማተብብኝም!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አጥር ነውር ነው ስትል እየሰማሁ?»

በማግስቱ ቴዎፊል አካፋቸውን ይዘው ዩስቲና ደጅ ቆሙ። «ከእኔ ቁመት የሚበልጡትን አምጪልኝ። ጠጋ ጠጋ አድርገን እንትከል፤ ዛሬውኑ ይጋርዱ!»

«ትልልቆቹ ሥራቸው ተቆርጦ ስለሚመጣ ይደርቃሉ፣ አጎቴ። ከተጠጋጉም ይተናነቁና ከግርጌያቸው ይራቆታሉ። ትንንሾቹን አራርቀን እንትከል።»

«እስኪያድጉስ? ሰባ አራት ዓመቴ ነው እኮ!»

«እስከዚያ የሸምበቆ ምንጣፍ እንወጥራለን።»

«ጎረቤት ቢቀየመኝስ?»

«በር እንተዋለን፤ የፈለገ አንኳኩቶ ይግባ።»

ውርጭ ሳይገባ ሠላሳ አንድ ችግኝ ተከሉ። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በብርዱም ወራት ውሃ ይጠማዋልና፣ በውርጭ የደረቀው መሬት በላላ ቁጥር ቴዎፊል በባልዲ ያመላልሱ ጀመር። መንደርተኛው «ቴዎፊል በረዶ ያጠጣል!» እያለ ሳቀ። እሳቸው አላቆሙም። አራቱ ሲደርቁ ሌላ አራት ተኩ። ዜኖቢያም ከምንጣፉ ጀርባ መጀመሪያ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ ሃያ፣ ቆይቶም ግቢውን ዞሩ።

በአራተኛው በጋ ጥዶቹ ከሰው ቁመት አለፉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ቤኔዲክት መንገዱ ላይ ቆሞ አጥሩን ሽቅብ አየ።

«ለመሆኑ ምን ጠቀመህ?» አላቸው በሩ ላይ የቆሙትን ቴዎፊልን።

«የመኪናውን አቧራ አስቀረልኝ። የሰሜኑ ነፋስ ጣራዬን መንቀሉን ተወ። ወፍ ጎጆ ሠራበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው በገዛ ግቢው እንዳሻው ይቀመጣል። አንተም ትከል፤ በመከር መጥቼ አግዝሃለሁ።»

«ከወሰኑ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ይትከል በለው!» የሚል ድምፅ ከጥዶቹ ጀርባ ጮኸ።

ቤኔዲክት ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ዜኖቢያ እዚያ መቀመጣቸውን አላየም ነበር።