ጣራው የታጨደ ማኪና

ከአዘዞ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አስተኝቷል። ከወዲያ በኩሉ ያሉት ሽማግሌ አላስችል አላቸው።

“ምነው ልጄ፣ ሕፃን ነው እንዴ እንዲህ የታቀፍኸው?”

“የማኪና የፊት መስታወት ነው አያ። አሁን በልኩ አስቆረጥሁት።”

“ማኪና አለህ?”

“ጣሊያን ጥሎት የሄደ፣ ትንሽ የጭነት ማኪና። ፈታትቼ ቁስቋም ግቢያችን አስገባሁና እዚያው ገጣጠምሁት። ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤቱ እልል አለ። ላወጣው ስል ግን ጣራው ከግቢው በር በለጠ።”

“በሩን ማፍረስ ነዋ!”

“የድንጋይ ቅስት ነው፤ የሚስቴ አባት መሪጌታ ከአያታቸው የወረሱት። ‘አንዲት ድንጋይ ብትነካ ልጄን መልስልኝ’ አሉኝ።”

“ታዲያ ማኪናውን መረጥህ ልጅቱን?”

“ሁለቱንም! ጣራውን የተሸከሙትን ብረቶች በመጋዝ ቆርጬ፣ አንድ ስንዝር አሳጥሬ፣ መልሼ በብሎን አሰርሁት። የቀረው ይኸ መስታወት ነው።”

“ጭንቅላትህስ?”

“ጎንበስ ብዬ እነዳለኋ! ነገ መሪጌታን ከጎኔ አስቀምጬ በዚያው በር እወጣለሁ።”

“ከነጥምጥማቸው?”

“ጥምጥሙን አውልቀው ጭናቸው ላይ ሊይዙት ተስማምተዋል።”

“እሳቸው? ጥምጥማቸውን?”

“ራሳቸው ናቸው ያሉኝ።”

“ሸጋ! በል በዚህ በኩል እኔ ልያዝልህ፤ መንገዱ ጉድጓድ ነው።”

አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ፣ የእኔም እጅ ማንም ሳያዘው ከጋቢው ሥር ገብቶ አገኘሁት።