የፊልሙ የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ

ክቡራትና ክቡራን፣ የጋዜጣችን ባልደረቦች፣ እስከ ዛሬ ስታነቡንም ስትታገሡንም የኖራችሁ ወዳጆች፤

ከሁሉ አስቀድሜ የምግብ ቤቱን ባለቤቶች፣ ባልና ሚስቱን ወይዘሮ ውብነሽንና አቶ ወንዳፍራሽን አመሰግናለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ምግብ ቤትን ለእንግዳ ዘግቶ ለጋዜጠኞች መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። ጋዜጠኛ ጠግቦ ይበላል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ብሎ ይጽፋል።

አሳታሚያችንን አቶ ዘርዓብሩክንም አመሰግናለሁ። ስለ እኔ የተናገረውን ስሰማ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ።

ከሩቁ ቫን ናይስ ሰፈር ድረስ ድራይቭ አድርጋችሁ መጥታችሁ መንገድ ዳር ፓርክ ያደረጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በእኔ ስንብት የቅጣት ቲኬት እንዲለጠፍባችሁ አልፈልግም። ሶ፣ አላስረዝምም።

ዛሬ ስለ ራሴ እንድናገር ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ አንድ ፊልም ልናገር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፊልም ዓምድ ይዞ የኖረ ሰው ሌላ ምን ያውቃል?

ከብዙ ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሲኒማ ቤት አንድ አሮጌ የእንግሊዞች ኮሜዲ ታየ። ጥቁርና ነጭ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ አለች። ባል የማዘጋጃ ቤቱን የግንብ ሰዓት ይጠብቃል። ሚስት የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ትደውላለች። ሠላሳ ዓመት በሰላም ኖረዋል። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ባል፣ «ደወልሽ አምስት ደቂቃ ዘግይቷል» ይላታል። ሚስት ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች፣ ቀና ሳትል፣ «ሰዓትህ ነው የቀደመው» ትለዋለች።

በቃ። ጦርነት ተጀመረ።

ወንዶቹ በግንቡ ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ በደወሉ። ሚስቲቱ በእልህ ደወሏን በየቀኑ ትንሽ ታዘገያለች፤ አምስቱ ደቂቃ ሃያ ይሆናል፣ ሃያው አርባ። ሙሽራው በሰዓቱ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፤ ጠብቆ ጠብቆ ተናዶ ይሄዳል። ሙሽሪት በደወሉ ትደርሳለች፤ እሷም ጠብቃ ጠብቃ ተናዳ ትሄዳለች። ቄሱ ብቻ ሁለት ጊዜ ለብሰው ሁለት ጊዜ ያወልቃሉ። ፀጉር አስተካካዩ ከምሳ መልስ የደንበኛውን ጢም እኩሌታ እንደላጨ ሚስቱ የዘገየውን የምሳ ደወል ሰምታ ሱቁን ትዘጋለች። ሰውየው ከዚያ ወዲያ በእኩሌታ ጢም ከተማውን ሲዞር ይኖራል፤ ማንም ግን ምን ሆንክ አይለውም።

አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ፈረንጆች ቀድመን የሳቅነው እኛ ሐበሾቹ ነን። ለምን አንስቅ? እኛ ስንወለድ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲሰጠው በልቡ ስድስት የማይቀንስ ከመካከላችሁ ማን አለ?

የፊልሙ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ባልየው አይጮህም፤ ሲናደድ ባርኔጣውን ያስተካክላል። በፊልሙ ውስጥ ሃያ ጊዜ ያስተካክለዋል፤ ሃያውም ይለያያል። ሚስትየዋ በጠቅላላው አርባ ቃል ብትናገር ነው። ዝም ስትል ግን ሰው ይስቃል። ብዙ ጊዜ የባልና የሚስት ቀልድ አንዱን አሳንሶ ነው የሚያስቀን። ይኼኛው ሁለቱንም አክብሮ ይስቅባቸዋል። ጠባቸውም ስለ አምስት ደቂቃ አይደለም። እያንዳንዳቸው «ሥራዬን እይልኝ» ነው የሚሉት።

እንግዲህ የእኔ ጉድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን መኪናዬን ያቆምኩት ከሁለት ሰዓት በላይ በማያስቆም ቦታ ነበር። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል። ሰዓቴን አየሁ፣ ወጣሁ፣ መኪናዬን አነሳሁ፣ ሌላ ቦታ ፍለጋ ኦሊምፒክ ጎዳና ላይ ስመላለስ ቆየሁ። ስመለስ ሰዉ ዓይኑን እየጠረገ ይወጣል። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መጨረሻውን ገመትኩ።

ለሐሙሱ ጋዜጣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመጨረሻም ሚስቲቱ የባሏን ሰዓት ተቀብላ ደወሏን አስተካከለች፤ ቤቱም ሰላም ሆነ።» ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ናት። የጎደላት እውነት ብቻ ነው።

የጋዜጣችንን ሥርዓት ታውቃላችሁ። ማንም ሰው የጻፈውን ራሱ አያርምም፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ይሰማል። የእኔን ጽሑፍ የምታነበው አራሚያችን ወይዘሮ ሸዋረጋ ናት። ያን ሳምንት ጉንፋን ጥሏት ቤቷ ዋለች፤ ጽሑፌም ሳይነበብ አለፈ። ፊልሙን ግን ቅዳሜ አይታዋለች። እዚያው ቅርብ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ስለምትኖር፣ መኪናም ስለሌላት፣ በእግሯ መጥታ መብራት እስኪበራ ድረስ ተቀምጣ ነው ያየችው።

ዓርብ ጠዋት አቶ ወንዳፍራሽ ያቺን ዓረፍተ ነገር ቆርጦ እዚህ ምግብ ቤት፣ እዚያ በሩ አጠገብ ለጠፋት። ያን ጊዜ እሱ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ምግብ ቤቱን የያዘችው ሚስቱ ናት። ለሚስቱም «እንግሊዞች እንኳ ገብቷቸዋል» አላት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ ነጋሽ፣ የትኛውን ፊልም ነው ያዩት?» አለችኝ ወይዘሮ ውብነሽ።

«የሰዓቱን ነዋ።»

«እኔም የሰዓቱን ነው ያየሁት። ከሸዋረጋ ጋር ነበርን። የእርስዎ ሚስትየዋ ሌላ ናት እንዴ?»

ሰኞ ሸዋረጋ ድምፅዋ እንደተዘጋ ቢሮ ገባች። ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«መጨረሻውን አይተውታል?»

«ሸዋዬ፣ ሃያስያን እኮ በአተያይ ይለያያሉ» አልኳት።

«ባዩት ይለያያሉ። ባላዩት እንዴት ይለያያሉ?»

እርማት ግን አላወጣሁም። «ተይው፣ አንባቢ ረስቶታል» አልኩ። አቶ ወንዳፍራሽ ግን አልረሳም። ወረቀቷ ቢጫ እስክትሆን ድረስ ግድግዳው ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ በእኔና በሸዋረጋ መካከል አንድ አሠራር ተፈጠረ። እኔ የፓርኪንግ ሰዓቴ እስኪያልቅ አያለሁ፤ እሷ እስከ መጨረሻው ታያለች። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እደውልላታለሁ፣ የቀረውን ትነግረኛለች። መጀመሪያ ትነግረኝ ነበር። ቆይታ፣ «በስልክ አይመችም፤ ጽፌ ልስጥዎት» አለች። ጽፋ ሰጠችኝ። ከእኔ ጽሑፍ ሥር እንዳለ አስገባሁት።

ያን ሳምንት ሦስት ሰው ደወለልኝ። «ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አንቀጽ አንጀቴን በላችው» አሉኝ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። ልል የምችለው ሌላ ብዙ ነገር ነበር።

«ታዲያ ለምን ሰዓት የማይቆጥር ቦታ አታቆምም?» የሚለኝ ይኖራል። መጀመሪያ ግትርነት ነበር። በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእሷ አንቀጽ ስለሚያምር ነው።

እየቆየ መጨረሻው መካከሉን ሳበው፣ መካከሉ መጀመሪያውን። ዓይኔን ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት በዚያ ዓምድ ላይ የእኔ የነበረው ፎቶግራፌ ብቻ ነው። እሱም የድሮ ነው።

ስሟ እንዲገባ አልጠየቅኳትም ወይ? አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። «ይቅር፣ ሰዉ የለመደው የእርስዎን ነው» አለችኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም። እንግዳውን አንድ ጊዜ ብቻ «ብላ» ብሎ ሞሰቡን የሚያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለምን አነሳሁት? ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አቶ ዘርዓብሩክ እንዲህ አለ፦ «የፊልም ዓምዱ የጋሼ ነጋሽ ነው። ማንም ሊተካቸው ስለማይችል ከእሳቸው ጋር በክብር ይዘጋል። ገጹን ለማስታወቂያ እናደርገዋለን።» አክብሮኝ ነው፤ አውቃለሁ። ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። ሸዋረጋም አጨበጨበች። ከጎኗ ነበርኩ፤ እጆቿ ሲገናኙ ድምፅ አልነበራቸውም።

እኔ ቤቴ ገብቼ አርፋለሁ። እሷ ግን ነገ የምትጽፍበት ቦታ አይኖራትም። በሕይወቴ የሰው ዕቃ ወስጄ አላውቅም፤ ጡረታ ስወጣ ልጀምር ነበር።

ያን ፊልም ማክሰኞ ዕለት እንደገና አየሁት። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ፣ መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ፣ እስከ መጨረሻው። ያመለጠኝ ሃያ ደቂቃ ይኸውላችሁ።

የከተማው ከንቲባ ለባልየው የሠላሳ ዓመት አገልግሎት ሜዳሊያ ሊሰጡት ሕዝቡን አደባባይ ሰብስበዋል። በዚያው ሰዓት ካሜራው ወደ ግንቡ ውስጥ ይገባል። ደረጃው ረጅም ነው። አንድ ሰው እያለከለከ ይወጣል፤ ፊቱ አይታይም፤ የሰዓቱን መሙያ ቁልፍ ይዟል። ዞር ሲል ሚስትየዋ ናት። የባልየው ጉልበት ካስቸገረው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ሰዓት የምትሞላው እሷ ናት። ያ ሁሉ ጠብ ሲካሄድ፣ ከተማው ለሁለት ሲከፈል፣ የጠላቷን ሰዓት በየሳምንቱ እየወጣች ስትሞላው ከርማለች። ባልየውም ያውቃል።

ከንቲባው ሜዳሊያውን ሊያጠልቁለት እጃቸውን ሲዘረጉ ባልየው ባርኔጣውን ለማስተካከል እጁን ያነሳል። በዚህ ጊዜ ግን አያስተካክለውም። ያወልቀዋል። «እዚያ ደረጃ ላይ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው» ይላል። ሕዝቡ ቀና ብሎ ግንቡን ያያል። እሷ በመስኮቱ ብቅ ብላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ዘገየህ» ትለዋለች።

ይኸው ነው። ማን አሸነፈ? ወንዳፍራሽ ወንድሜ፣ አንተ አይደለህም። ፊልሙ ስለ አሸናፊ አይደለም፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ ለመናገር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው። እኔ ከዚያ ሰውዬ ሁለት እጥፍ ያህል ፈጅቶብኛል። እሱ ደግሞ ከተማውን ሁሉ አስቋል፤ እኔ ማንንም አላሳቅኩም።

ስለዚህ ለሚመጣው ሐሙስ እትም ይህን ጽፌያለሁ። ማንም አላነበበልኝም፤ እናንተ ስሙኝ።

«እርማት። አንድ ባልና ሚስት በሰዓትና በደወል ስለሚጣሉበት የእንግሊዝ ፊልም ባወጣነው ጽሑፍ ሚስቲቱ ለባሏ እጅ ሰጠች መባሉ ስህተት ነው። ጸሐፊው መጨረሻውን አላየም። እንዲሁም ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት በነጋሽ ስም በወጡት የፊልም ጽሑፎች ውስጥ መደምደሚያዎቹ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ጽሑፎች ደግሞ ከነሙሉነታቸው፣ የወይዘሮ ሸዋረጋ ናቸው። ይህን ያደረገው ጋዜጣው ሳይሆን እኔ ነኝ። አንባቢዎቼንም እሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አቶ ዘርዓብሩክ፣ ራስህን ስትነቀንቅ አያለሁ። ገርሞህ ነው ወይስ እምቢ ነው? ከገረመህ ይግረምህ። እምቢ ከሆነ ግን እለምንሃለሁ፤ ማስታወቂያውን ሌላ ገጽ ፈልግለት። ዓምዱን የጻፈችው ሰው እዚህ ተቀምጣለች፤ ጡረታ የወጣችም እሷ አይደለችም።

ምን አልክ? ... «እሷ ትፈልግ እንደሆነ አላውቅም» ነው የሚለው። ኦኬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠይቃት። አንድ ጊዜ ብቻ ግን አትጠይቅ።

ሸዋዬ፣ እጅሽን ለምን አነሳሽ? ... እርማቱ ስህተት አለበት? እኔ እኮ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። የቱ ጋ ነው? ...

«አሥራ ሁለት አይደለም፤ አሥራ አራት ዓመት ነው» ትላለች።

ሰማችሁ? አሥራ አራት። ቆጥራዋለች።

አቶ ዘርዓብሩክ፣ መልስህን አገኘህ መሰለኝ። እንደገና ነቀነቅክ፤ አሁንስ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስክሪብቶ የያዘ ሰው ካለ ያቀብለኝ፤ ሳልረሳው ላስተካክል።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልቀመጥ። የጻፋችሁት የሚነበብ፣ የተናገራችሁት የሚሰማ ይሁን። ጉልበታችሁ ለደረጃው ይጽና። በየቤታችሁ ያለው ሰው የምትደክሙበትን የሚያይ ዓይን ይስጠው፤ እናንተም እሱ የሚደክምበትን። ጋዜጣችን ከእኔ በኋላ ከነበረበት ይሻል፤ ይቅርታ መጠየቅም ከእኔ ይልቅ ይፍጠንላችሁ። አምላክ የእያንዳንዳችሁን ስም ከሠራችሁት ሥራ ሥር፣ ሁሉም በሚያነበው ፊደል፣ ያስቀምጥላችሁ። አሜን በሉ።