ቢላዋው ሱፍ ጆንያ ውስጥ

አውስትራሊያ፣ ከከተማ ርቆ በረሃ ላይ ባለ የበግ እርባታ፤ ለምግቧና ለማደሪያዋ እየሠራች አገር ለማየት የወጣችው ሶስና፣ በቀትር ሱፍ ከሚሸለትበት ቆርቆሮ ቤት ሆና ደብረ ብርሃን ካሉት አያቷ ከእምዬ አስካለ ጋር በስልክ ትነጋገራለች።

እምዬ፦ ጣይው አልኩሽ! ሴት ልጅ ቢላዋ ይዛ በግ ታርዳለች? በዘራችን ያልነበረ!

ሶስና፦ ወንድ ከየት ላምጣ እምዬ? ያለው የእርባታው ባለቤት ሰውዬው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በጉን ግንባሩን በጠመንጃ ነው የሚለው። ያንን ልብላልሽ?

እምዬ፦ ሽሮ ይዘሽ ሄደሽ አልነበር?

ሶስና፦ በሁለት ሳምንት አለቀ። ቀኑን ሙሉ በግ ስነዳ፣ አጥር ስወጥር ውዬ በድንች ልቁም? በስመ አብ ብዬ አረድኩት።

እምዬ፦ አንቺ ብለሽው! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል? የአስካለ ልጅ አራጅ ሆነች?

ሶስና፦ ሰውዬውማ ስቆ ስቆ፣ ከዚያ ወዲህ በግ ሁሉ የኔ እርድ ሆኗል።

እምዬ፦ አሁን ጣይው። እየሰማሁሽ።

ሶስና፦ እሺ! ይኸው፣ ሱፍ ጆንያ ውስጥ ወረወርኩት። ደስ አለሽ?

እምዬ፦ ተመስገን። አፍሽን ግን ምን ሆነሽ ነው? ነገር ጎርሰሽ የምታወሪ ትመስያለሽ።

ሶስና፦ በግ ረግጦኝ ነው።

እምዬ፦ እኔ በበግ መሀል ነው ያረጀሁት። በግ የቆመ ሰው አፍ አይደርስም። ማነው የመታሽ?

ሶስና፦ በግ ነው አልኩሽ።

እምዬ፦ ሶስና!

ሶስና፦ በግ የምታግደው ውሻ አርጅታ ቅድም በጎቹን መመለስ አቃታት። ሰውዬው በአካፋ ወገቧን ሰበራት። በፊት እግሮቿ እየተጎተተች ስትጮህ ደገማት። ሦስተኛውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። በእጀታው አፌን አለኝ። ሁለት ጥርሴ የለም፣ እምዬ።

እምዬ፦ ወይኔ ልጄን! ደምሽ እየፈሰሰ ስለ ሽሮ እጠይቅሻለሁ! ውጪ ከዚያ፣ አሁኑኑ!

ሶስና፦ በየት? መኪናው የሱ፣ ቁልፉ እሱ ኪስ። በእግሬ ብሄድ ውሃ ጥም ይገድለኛል። የወዲያኛው እርባታ ሴትዮ ጋ ደውያለሁ፣ መጣሁ ብላለች። አንድ ሰዓት ይፈጅባታል።

እምዬ፦ በሩን ቆልፈሻል?

ሶስና፦ መቀርቀሪያ የለውም። ጠረጴዛ አስደግፌዋለሁ።

እምዬ፦ ምንድነው የሚንኳኳው?

ሶስና፦ እሱ ነው። አካፋውን ቆርቆሮው ላይ እየጎተተ ነው። «ነይ ውጪና ቅበሪያት፣ ካልሆነ አብረሻት ትገቢያለሽ» ይላል።

እምዬ፦ እንዳትወጪ! ድምፅሽን አጥፊ።

ሶስና፦ ገፋው፣ እምዬ። ጠረጴዛው እየተንሸራተተ ነው።

እምዬ፦ ቢላዋውን አውጪ።

ሶስና፦ ሴት ልጅ አትይዝም ብለሽኝ…

እምዬ፦ ያዢው አልኩሽ! ኃጢአቱን ለነፍስ አባቴ የምናገረው እኔ ነኝ።