የኔ ቢሆን ኖሮ

አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ይዤ ከአሰላ ወደ ዲክሲስ ወጣሁ፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እዚያ ያሉት ጭሰኞች ባለመሬቱ ሊያስነሳን ነው የሚል ወሬ ሰምተው ኖሮ ዱላቸውን ይዘው ጠበቁን። ፈረንጁ ወንዙ ዳር ያሉትን ጎጆዎች አይቶ አንድ ነገር ተናገረ። እኔም ቸኩዬ፣ «መሬቱ የኔ ነው፤ እነዚህን ቤቶች ከዚህ አነሳቸዋለሁ ይላል» አልኩ።

ሰዉ ባንዴ ከበበን። ሽማግሌያቸው ሐጂ ገመዳ በእጃቸው ገታ አድርገው፣ «ማን ሰጠው? እስቲ ጠይቀው» አሉኝ። ጠየቅሁት። ፈረንጁ ደነገጠ። «ኢፍ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ቀጥሎም «አይ ዉድ! አይ ዉድ!» ያን ጊዜ ገባኝ። «ኢፍ» በእንግሊዝኛ «ቢሆን» ማለት ነው፤ ያቺ «ዉድ» የምትባል ቃልም እዚህ ላይ «አደርጋለሁ» ሳትሆን «አደርግ ነበር» ናት።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ። ‹መሬቱ የኔ ቢሆን ኖሮ፣ ጎርፍ እንዳይወስዳቸው ከፍ ወዳለው ቦታ አነሳቸው ነበር› ነው ያለው» አልኳቸው።

ዱላዎቹ ወረዱ። ሐጂ ግን ወደ ወንዙ ዞር ብለው፣ «እንግዲያው ንገረው» አሉኝ፤ «የኔ ቢሆን ኖሮ እኔም አነሳቸው ነበር።»