«ምክንያት» የሚለው ዓምድ

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አመሰግንሻለሁ። ለስላሳ ከጅማ ጠፋ በተባለበት ሳምንት ሦስት ሣጥን ከየት እንዳመጣሽ አልጠይቅሽም። በሃያ ሰባት ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራ አለመጠየቅን ተምሬአለሁ፤ ዛሬ ግን ምነው ሳልማረው በቀረሁ እላለሁ።

የተነገረልኝን ሁሉ ሰማሁ። ጥንቁቅ ነው ተባለ፣ ሰዓት አክባሪ ነው ተባለ። ጓድ ሣህሉ ደግሞ «ከፈለ ዋቅጅራ አንድ ቁጥር ለሁለት ፋይል ሰጥቶ አያውቅም» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እንኳ አላጨበጨብኩም። አቀርቅሬ ጫማዬን ሳይ ነበር። ለምን እንደሆነ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት እንደምጀምረው ግራ ገብቶኛል።

እሺ፣ ከማሽኖቹ ልጀምር።

በጥቅምት ሰማንያ አንድ ሦስቱ ኮምፒውተሮች በእርዳታ ሲመጡ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንዱ ከነማተሚያው መዝገብ ቤት እኛ ዘንድ፣ አንዱ መጋዘን፣ አንዱ ቡና ቅምሻ ክፍል ገባ። ጥቁር ገመድ በኮርኒስ ሥር ሄዶ፣ በግቢው ላይ ተሻግሮ ሦስቱን አገናኘ። «ኢተርኔት ነው» ተባልን። እኛም «ደግ» አልን። ሌላ ምን እንላለን?

ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ወልደሰማያት ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየው። «ጋሽ ከፈለ፣ በዚህ ገመድ ደብዳቤ ይመላለሳል ብለው ያስቡ» አለኝ።

«ታዲያ ፖስተኛው ማነው?»

«ማሽኗ ሆድ ውስጥ ያለችው ካርድ ናት። ካርዷንና ማሽኗን የምታግባባ ደግሞ ድራይቨር የምትባል ፕሮግራም አለች። እሷን ማስተካከልና በየቀኑ መከታተል የእርስዎ ሥራ ነው።»

ለምን የእኔ ሆነ? እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ቁጥር የበዛበት ነገር ሁሉ ወደ መዝገብ ቤት ስለሚመራ ይሆናል።

መከታተሉ ቀላል ነበር። አንዲት ትእዛዝ ስጽፍላት ማሽኗ ሦስት ቁጥር ታወጣለች፦ የተላከ፣ የደረሰ፣ የተበላሸ። እንደ ወጪና ገቢ ደብዳቤ ማለት ነው። ትልቅ መዝገብ ከፈትኩ፣ በማስመሪያ አሰመርኩ። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት እጽፋለሁ። ኔትወርኩ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ሰዓቱንና በቦታው የነበረውን ሰው እመዘግባለሁ። መጨረሻ ላይ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ዓምዱን ማንም አላዘዘኝም፤ መዝገብ ያለ ምክንያት ደስ አይለኝም።

ማስተካከሉ ነው ጉድ ያፈላው።

ወልደሰማያት ሲያስረዳኝ፣ ከማሽኗ ጋር የተያያዘ ዕቃ ሁሉ ማሽኗን «ስሚኝ» ብሎ የሚጠራበት የራሱ ቁጥር አለው፤ አንድ ቁጥር ለሁለት ዕቃ ከተሰጠ ማሽኗ ማንን እንደምትሰማ ይጠፋባታል አለ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነዋ! እሱም የካርዷን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎልኝ ሄደ፦ «5»።

እኔ ግን ከማሽኗ ጋር የመጣውን ሰንጠረዥ በመዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩ። አምስት ቁጥር አጠገብ «ሁለተኛ ማተሚያ» ይላል። በዓመቱ ዕቅዳችን ላይ ሁለተኛ ማተሚያ እንደሚመጣልን ተጽፏል። በዕቅድ የተያዘ ቁጥር ለሌላ ይሰጣል? እኔ አልሰጥም! ሦስት ቁጥር አጠገብ «ሁለተኛ መስመር» ይላል። የምን መስመር ነው? ማንን ልጠይቅ? ባዶ ቦታ መሰለኝ። በካርዷ ላይ ያለችውን ጥፍር የምታህል መሰኪያ ወደ ሦስት አዞርኩ፣ በድራይቨሯም ፋይል «3» ብዬ ጻፍኩ። አምስትን ለመጪዋ ማተሚያ በክብር አስቀመጥኩላት።

መጪዋ ማተሚያ እስከ ዛሬ አልመጣችም።

አሁን ወደ ዙሀራ ልምጣ። እዚህ ላይ ነው አፌ የሚተሳሰረው።

አዲስ የገባችሁ አታውቋትም ይሆናል፤ ዙሀራ አብዱልፈታሕ የመዝገብ ቤታችን ጸሐፊ ነበረች። አርባ አምስት ቀን አዲስ አበባ ተልካ የኮምፒውተር ትምህርት የወሰደች፣ የቦሳ ኪቶ ሠፈር ልጅ። ዋናው የቡና መላኪያ ፋይል ያለው እሷ በምትሠራባት ማሽን ላይ ስለነበር ያቺ ማሽን ስትቆም መጋዘኑም ቅምሻ ክፍሉም ይቆማሉ። የማተሚያው ሪባን ሲደርቅ ሌላ ከየት ይምጣ? ዙሀራ የማኅተም ቀለም በጠብታ እያጠጣች ታድሰው ነበር። እኔ ስሞክረው ቀለሙ ሸሚዜን አጠጣው።

ታዲያ ኔትወርኩ መቋረጥ ጀመረ። አንዳንድ ሳምንት አንዴ፣ አንዳንድ ሳምንት ሦስቴ። ከመጋዘን «ኦቦ ከፈለ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነች?» ይላሉ። ዝናብ ነው ብለን ገመዱን በላስቲክ ጠቀለልን። አይጥ ነው ብለን ኮርኒሱን ነቀልን። ተቋረጠ። ዙሀራን እጠይቃታለሁ፤ «ሂን ቤኩ ጋሼ፣ ወላሂ አላውቅም» ትለኛለች። እኔም አላውቅም። ሁለታችንም አናውቅም፤ መዝገቡ ግን ይሞላል።

በነሐሴ መዝገቡን ስደምር አርባ አንድ ጊዜ ተቋርጧል። አርባ አንዱንም ጊዜ ዙሀራ ወንበሩ ላይ ነበረች። እሷ እናቷን ልታሳክም በቀረችባቸው ቀናት አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ስለዚህ በምክንያት ዓምድ፣ በዚህ በምታመሰግኑት የእጅ ጽሑፌ፣ «ዙሀራ በሥራ ላይ እያለች» ብዬ አርባ አንድ ጊዜ ጻፍኩ።

አንድ ቀን፣ እንዲያውም ጠዋት ነበር፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ ስቀመጥ አይመስለኝም። ሳትም ነው መሰለኝ የሚቋረጠው።»

«ማተምና ኔትወርክ ምን አገናኛቸው? ማተሚያው በሌላ ገመድ ነው የሚሠራው። አርፈሽ ሥሪ» አልኳት።

አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ይህንን መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም። ተቀምጣ ያልተቋረጠባቸውን ቀናትም የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።

የነሐሴውን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ የነበራችሁ አትረሱትም። በዚሁ አዳራሽ ነው። ያኔ የነበረው ካድሬያችን ጓድ ዘለቀ መዝገቤን ከፍ አድርጎ ይዞ አርባ አንዱንም መስመር አነበበ። «ይህ አሻጥር ካልሆነ ምንድነው? ጓድ ከፈለ፣ ሌላ ምክንያት ታውቃለህ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ግን ልናገረው፤ መዝገቤ በአደባባይ ሲነበብ ደስ ብሎኝ ነበር። «እንዲህ ያለ መዝገብ አያያዝ በክፍለ ሀገሩ የለም» ሲል ደረቴ ተነፋ። ዙሀራ እዚያ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በመስከረም ወደ ጌራ፣ ጫካ ውስጥ ወዳለው የቡና ማጠቢያ ተዛወረች። የግል ማኅደሯ ውስጥ «ሥራ አሰናካይ» የሚል ደብዳቤ ገባ። ደብዳቤውን ቁጥር ሰጥቼ ፋይሏ ውስጥ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸው የደከመው እናቷ እማማ ሐጂራ ከጎረቤት ጋር ቀሩ።

ከዚያ ምን ሆነ? ኔትወርኩ ጤና አገኘ! ሰባት ወር ሙሉ፣ የተበላሸ ዜሮ፣ የተቋረጠ ዜሮ። ሁሉም «አያችሁ?» አለ። እኔም «አያችሁ?» አልኩ። በሚያዝያ ሃያ ሦስት ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ፎቶዬ አሁንም በር ላይ አለ፤ ስትወጡ ታዩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላስተዋለም። ዙሀራ ከሄደች በኋላ ሪባኑን የሚያድስ ስላልነበረ መላኪያ ወረቀት በእጃችን ነበር የምንጽፈው። ሰባት ወር ማተሚያው አንዲት ፊደል አላተመም።

በግንቦት አዲስ ሪባን መጣ። በዙሀራ ቦታ የተመደበው ቲጃኒ፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ ሪባኑን አስገብቶ የመጀመሪያውን ወረቀት አተመ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና አተመ። ተቋረጠ። ቲጃኒ ላብ በላብ ሆኖ «ሂን ቤኩ ጋሼ! ወላሂ ምንም አልነካሁም!» ሲለኝ የሌላ ሰው ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከማሽኗ ጀርባ ተንበርክኬ የማተሚያውን ገመድ ተከተልኩ። የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጽሑፍ አለ፤ በመዝገበ ቃላቴ ፈታሁት፦ «ሁለተኛ መስመር»። የሦስት ቁጥር ባለቤት! ማተሚያው ማሽኗን ሁልጊዜ በሦስት ቁጥር ይጠራት ነበር፤ ካርዷም በሦስት ቁጥር እንድትጠራት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ አብረው ሲጠሯት ማሽኗ ድርቅ ትላለች። መሰኪያውን ወደ አምስት መለስኩ፣ በፋይሉም አምስት ብዬ ጻፍኩ። ከቲጃኒ ጋር አርባ ገጽ አተምን። የተበላሸ፣ ዜሮ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ቲጃኒንም «ሪባኑ ነው» አልኩት። ቲጃኒ፣ ይቅር በለኝ። ጡረታዬ ደርሷል፣ ወረቀቴ አልቋል፣ ዝም ብዬ ብወጣ ማን ያውቃል አልኩ። ግን ግራ የገባኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ሐሰት የለም እኮ! ሰዓቱ እውነት ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። ዙሀራ መቀመጧም እውነት ነው። አርባ አንድ እውነት ጽፌ እንዴት አንዲት ንጹሕ ሰው ቀበርኩ? ማሽኗስ ብትሆን፣ ስህተቱን እየቆጠረች ስታሳየኝ ስህተተኛው አንተ ነህ ብትለኝ ምን ነበረበት? አሁንም አልገባኝም። እርጅና ይሆናል፣ ጓዶች፣ ወይም ሌላ።

አዎ ጓድ ሣህሉ፣ ሰዓቱን አይቻለሁ፤ ልጨርስ ነው።

ባለፈው ሳምንት በጭነት መኪና ጌራ ሄድኩ። ዙሀራ ማጠቢያው አጠገብ እርጥብ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ቢሮው የጽሕፈት መኪና አለው፤ ለምን አትጽፊም ብላት ምን አለችኝ? «እጄን እፈራዋለሁ ጋሼ። የነካሁት ሁሉ ይበላሻል።» የሌላው ሰው ማመን አንሶ እሷም አምናው ነበር። እኔ እዚያ ቆሜ እውነቱን መናገር አቃተኝ። «የስንብት ቀኔ ነውና ነይ» ብቻ አልኳት። መጣች። ያቺ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ናት። ለምን እንደጠራኋት ይህን እስክናገር ድረስ አታውቅም ነበር።

ዙሀራ፣ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እጅሽ ምንም የለበትም። ነግረሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ፤ ካልቻልሽም አልፈርድብሽም።

መዝገቡ ይኸውና። እኔ ፍቄ አላውቅም፣ ዛሬም አልፋቅኩም። በአርባ አንዱም ቦታ ስሟን በአንድ መስመር ሰርዤ «ከፈለ ዋቅጅራ የሰጠው የተሳሳተ ቁጥር» ብዬ ፈርሜበታለሁ። የኮከብ ሠራተኛ ወረቀቴም ይኸው፣ መልሻለሁ። ፎቶውን ራሴ አወርደዋለሁ።

ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ የማኅደሯን ደብዳቤ የሚሽርና ወደ ቦታዋ የሚመልሳት ደብዳቤ አርቅቄ ማሽኗ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የቀረው መታተምና የእርስዎ ፊርማ ነው። ቢሮዎ ገብቼ ብቻችንን ብነግርዎ «እናየዋለን» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ በሰው ፊት ተናገርኩ። ይቅርታ፤ አውቄ ነው ያደረግኩት።

እናንተ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወደ ግንባር የሄዱባችሁ ልጆች በሰላም ይመለሱላችሁ። ጤና አይጉደልባችሁ። የያዛችሁት ሥራ ይባረክ፣ ከመካከላችሁ ያላጠፋ የሚቀጣበት ቀን አይምጣ። እግዜር ይጠብቃችሁ፣ አላህ ይጠብቃችሁ። እኔን በክፉ አታንሱኝ አልልም፤ እንደሆነው አንሱኝ።

ቲጃኒ፣ ሂድና ማሽኗን አስነሣት። ዙሀራ፣ ተነሺ። ደብዳቤሽን አንቺው አትሚው። መዝገቡ ላይ አንድ ባዶ መስመር ትቼልሻለሁ፤ የደብዳቤውን ቁጥር በራስሽ እጅ ጻፊበት። እናንተ በር ላይ ያላችሁ፣ እስቲ በሩን ክፈቱት፤ ስታትም ከዚህ ሆነን እንስማት።