የላንገንሲል ግድብ ለምን ተከፈተ?

አንድ የመጋቢት ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነፋሱ ብስክሌቴን አላስኬድ ስላለኝ፣ በባሕሩ ግድብ ጥግ ተከልዬ እየገፋሁ ልሄድ ወረድኩ። እዚያ ነው አቶ ሞመ ከተልሰንን ችካል ሲነቅሉ እጅ ከፍንጅ የያዝኳቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የግድብ ማኅበራችን ሽማግሌ የሆኑ የተከበሩ ሰው፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ የቀያሽ ችካሎችን እንደ ካሮት እየመዘዙ ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል።

«ደህና ዋሉ አቶ ሞመ፤ ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«አረም እየነቀልኩ ነው፣ መምህር።»

«አረሙ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል እኮ።»

«እንግዲያው የተማረ አረም ነዋ! አገር የሚያፈርሰውም የተማረው ነው።»

ይህን ሲሉ ባለ ችካሏ ራሷ መዶሻ ይዛ ከግድቡ ጫፍ ብቅ አለች። ካይከ ትባላለች። የአቶ ሞመ የሟች ወንድም ልጅ ናት፣ እኔም ፊደል ያስቆጠርኳት ተማሪዬ ናት። የውሃ ምህንድስና ተምራ ወደ መንደሯ የተመለሰች ጎበዝ ልጅ።

«አጎቴ፣ ሲነቅሏቸው ይሄ ሦስተኛ ጊዜዎ ነው።»

«አራተኛም ይኖራል።»

«እኔም መዶሻ አለኝ።»

«እኔም ጊዜ አለኝ፤ ጡረተኛ ነኝ።»

ጠባቸው ይህ ነበር። ከባሕሩ ፊት ለፊት አሮጌው ግድብ አለ፤ ከሱ ኋላ የአቶ ሞመ ሰፊ የግጦሽ መስክ፤ ከመስኩ ኋላ ሁለተኛ ግድብ፤ ከዚያ መንደራችን ላንገንሲል። ካይከ የኋለኛው ግድብ ከፍ ብሎና ሰፍቶ ይሠራ፣ የፊተኛው በሁለት ቦታ ይከፈት፣ መስኩም እንደ ጥንቱ ረግረግ ሆኖ ሁሉም ሰው የሚዘዋወርበት ፓርክ ይሁን ባይ ናት። ለመስኩ ምትክ ሌላ መሬት ተዘጋጅቷል። ነገር ግን አቶ ሞመ ካልፈረሙ ነገሩ ሁሉ ቀረ፤ ማኅበሩም የሚመክረው በሳምንቱ ነበር።

«አባቴ በትልቁ ማዕበል ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ግድብ አልወረደም» አሉ አቶ ሞመ፣ በእርግጫ ሣሩን እየመቱ። «የአሸዋ ጆንያው ሲያልቅበት የእናቴን ፍራሽ ነው ቀዳዳው ውስጥ የወተፈው። አንቺ ደግሞ ተምረሽ መጥተሽ ይፈረስ ትያለሽ! የአባትሽ ቤት ሲዘረፍ አብረሽ ዝረፊ ብለው ነው ያስተማሩሽ?»

«ለእኔም አያቴ ናቸው እኮ። ስማቸውን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ስሙን ይዘሽ ግድቡን ትጥያለሽ! ባሕሩን እግዜር ፈጠረው፣ ዳርቻውን ግን እኛ የዚህ ባሕር ዳር ሕዝብ፣ ፍሪዞች፣ ሠራነው። ስንት ትውልድ ከባሕር የነጠቀውን መልሶ ለባሕር መስጠት፣ ተኩላን በረት አስገብቶ በጎቹን ጠብቅልኝ እንደ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ ይላሉ?»

«ከፍ አድርጉት! አንድ ሜትር ጨምሩበት!»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የኛ ሰው በሽታ ይቺ ናት። ባሕሩ ምንም ይጠይቀን ምን፣ መልሳችን ሁልጊዜ አፈር መጨመር ነው። ጎረቤት ሲታመም እንኳ አካፋ ይዘን ሳንሄድ የምንቀር አይመስለኝም።

«ሥሩ ጭቃ ነው፣ አጎቴ። በጨመርንበት ቁጥር ይሰምጣል» አለች ካይከ። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከግድቡ ውጭ ያለው ሣርና ውስጥ ያለው መስክዎ፣ የቱ ከፍ ይላል?»

«ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው? የኔ ነዋ! ያኛው ባሕር የሚተፋው ጭቃ ነው።»

«በመሣሪያዬ ልካዋለሁ።»

«መሣሪያሽን አላምነውም።»

«እንግዲያው በእርስዎ መሣሪያ።»

አቶ ሞመ ሰው ፊት የሚያፈገፍጉ አይደሉም። ከላም ማለቢያው ቤት ረጅሙን የላስቲክ ቱቦ አመጡ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ቱቦውን በግድቡ ሥር ባለው የውሃ መውጫ አሳልፈን ውሃ ሞላነው፤ ግንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ውሃ ልክ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። እኔ ከውጭ፣ እሳቸው ከውስጥ ጫፍ ጫፉን ቀና አድርገን ያዝን። ውሃው በኔ በኩል ጉልበቴ ላይ ቆመ። በሳቸው በኩል የቆመው ደረታቸው ላይ ነበር።

«መምህሩ አጎንብሷል!» ብለው ጮኹ። ቦታ ተለዋወጥን። አሁን ጉልበቱ የሳቸው፣ ደረቱ የኔ ሆነ። ባሕር የሚተፋው ጭቃ ከመስካቸው በአንድ ክንድ ሳይሆን በሁለት ክንድ ይበልጥ ነበር።

ቱቦውን ጣሉትና ውሃው ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። እኔም ከልቤ አዘንኩላቸው።

«ልጅ ሆነው ውሃውን ከመስኩ የሚያወጣው ፓምፕ በሳምንት ስንት ቀን ይሠራ ነበር?» አለች ካይከ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንድ ቀን።»

«አሁንስ?»

አቶ ሞመ ከጫማቸው ውሃውን አራገፉ። ቀን ከሌት እንደሚሠራ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ስናደርቀው ጭቃው እየተኮማተረ ይወርዳል፤ ሲወርድ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃ ሲቋጥር ደግሞ የበለጠ እናደርቀዋለን። ከውጭ ግን ባሕሩ በቀን ሁለቴ ደለል ያመጣል፣ ሣሩ ይይዘዋል። ባሕሩ ከፍ ሲል መሬቱም አብሮት ከፍ ይላል፣ ማንም አካፋ ሳያነሳ። ማዕበልም ያን ሁሉ ሣር አቋርጦ ሲመጣ ጉልበቱ ያልቃል። እኛ ያጠርነው ጠላታችንን ብቻ አይደለም፤ መሬት የሚሠራልንን ሠራተኛም ጭምር ነው።»

«ስልሳ ዓመት ሙሉ መሬቴን ወደ ጉድጓድ ሳወርድ ኖርኩ በይኛ።»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም። ሁላችንም በሠራነው ኮርተን ማየት ተውን።»

አቶ ሞመ ቱቦውን አንስተው ጠቀለሉት። ከዚያ ወደ በረታቸው ሄደው አካፋ ይዘው ተመለሱና ግድቡ ጫፍ ላይ እስከ አንገቱ ሰኩት። ክው አልኩ። በአባቶቻችን ሕግ የግድቡን ድርሻ መጠበቅ ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱንም ኃላፊነቱንም ይወስዳል። ይህ ሲደረግ በሕይወት ያለ ሰው አላየም፤ የማያውቀው ግን የለም።

«ንቀዪው» አሉ። «ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ግን መጀመሪያ ይሄን ንቀዪ። ከነቀልሽው፣ አንድ ቤት ውሃ ቢገባ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። መንግሥት አይደለም፣ ያስተማሩሽም አይደሉም። አንቺ!»

ካይከ መዶሻዋን አስቀመጠች።

«ልጄን ይዤ የምኖረው ከኋለኛው ግድብ ሥር ነው፣ አጎቴ። ውሃ ከገባ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ቤት ነው።»

በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው። አቶ ሞመ ባርኔጣቸውን አወለቁላት። በሃያ ሰባት ዓመት የመምህርነት ኑሮዬ እንደዚያን ቀን በተማሪዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

በሳምንቱ ስብሰባ አቶ ሞመ ተነሥተው «ለክቼዋለሁ፤ የተጠራጠረ ቱቦ አለኝ» አሉና ተቀመጡ። በዚህ አለቀ። የኋለኛው ግድብ ተጠናከረ፣ በሁለተኛው መከር የፊተኛው ተከፈተ፣ ባሕሩም እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብሎ ገባ።

በሦስተኛው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት የመጣው ማዕበል ከዚያ በፊት መንደሩን ሁሉ የአሸዋ ጆንያ ካሸከመው ማዕበል አያንስም ነበር። ሁላችንም የኋለኛው ግድብ ላይ ወጥተን ቆመን ጠበቅነው። ሞገዱ ሣሩ ውስጥ ገብቶ ተኛ፤ ከግድባችን እግር ሲደርስ ጫማ ከማራስ የሚያልፍ ጉልበት አልነበረውም። አንድም ቤት አልረጠበም። ካይከ ያኔ ነው ቁጭ ብላ ያለቀሰችው።

ዛሬ ያ ግዙፍ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሏል። ዱሮ ከባለ መሬቱ በቀር ማንም ዝር በማይልበት ቦታ ተማሪዎቼ ወፍ ይቆጥራሉ፣ ሽማግሌ በምርኩዝ፣ እግር የሌለውም በተሽከርካሪ ወንበር ረግረጉ ላይ በተሠራው የእንጨት መንገድ እስከ ውሃው ይደርሳል። አንባቢ ሆይ፣ አባቱን የሚያከብር ሰው አባቱ የተወለትን ሥራ ይቀጥላል እንጂ የተወለትን አፈር ብቻ ታቅፎ አይቀመጥም።

ባለፈው በጋ ከጎረቤት መንደር ጉዳዩን ሊያዩ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። አስጎብኚው ማን ይሁን? አቶ ሞመ! ሐሳቡ ከመጀመሪያው የሳቸው እንደነበር ሲናገሩ ካይከ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ዋጠች። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ናንኒንግ የተባለ ጎምቱ ገበሬ ግን አልተሸነፈም።

«እኔ ግን የኛን ግድብ መክፈት አልችልም» አለ። «አንተ የአባትህን ግድብ ሲቆርጡት ቆመህ ስታይ፣ አባቴ ምን ይለኛል አላልክም?»

የአቶ ሞመ ጉራ ወዲያው ጠፋ። በእንጨቱ መንገድ ላይ ልጆቻቸውን አዝለው ወደሚሄዱት ወላጆች ዞረው ተመለከቱ።

«ብያለሁ» አሉ። «አባቴ ግን ግድብ ላይ ሦስት ቀን የቆመው ለአፈሩ ብሎ አልነበረም። ለሰዎቹ ነው። ሰዎቹ ደግሞ እነዚያውልህ።»